የዘገዬ አደራ

ስሂን አፏን በመጠበቅ የታወቀች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ስም በእኛ በስደት ባለነው አበሾች መሀል ማትረፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ሲልቨር ስፕሪንግ ያስነጠሰውን ሰው አሌክሳንድሪያ ሆነው «ይማርህ» የሚሉበት አገር ነው እኮ ይሄ። የማርያም ማኅበር ሴቶች «ለስሂን የነገርሽው መቃብር ገባ በይው» ይሉላት ነበር። እሷም ሲሉ ትሰማና እንዳልሰማች ሆና ዳቦውን መቁረስ ትቀጥላለች። ሆዷ ግን ደስ ይለው ነበር። ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ ይለው ነበር።

እንጀራዋም ይኸው አፏ ነው። አማርኛ ብቻ ለሚያውቁ በሽተኞች ሐኪም ቤት እየገባች ታስተረጉማለች። ሥራው ሕግ አለው። ሐኪሙ ያለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስ ነው። በሽተኛው «አመመኝ» ሲል አስተርጓሚዋም በእንግሊዝኛ «አመመኝ» ትላለች እንጂ «አመመው ይላል» አትልም። የሰማችውን ሁሉ ደግሞ እዚያው ክፍል ጥላ ትወጣለች። ይህን ሕግ ሰርተፊኬት ልታወጣ የገባች ጊዜ ነው የተማረችው ይባላል እንጂ፣ እኔን ከጠየቃችሁ ከእናቷ ሆድ ይዛው ነው የወጣችው።

ዘገዬን ያገኘችው ኦባማ ለሁለተኛ ጊዜ በተመረጠበት ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ተጠርታ ስትገባ፣ ወረቀት በተነጠፈበት አልጋ ጫፍ ላይ የጓደኛዋ የጸዳለ ባል ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። ዘገዬ የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ፣ ጢሙን እየፈተለ የሚቀልድ፣ በማኅበር ቀን ሚስቱን አድርሶ «ጸሎቱን ለእኔም ያዙልኝ» እያለ ከበር የሚመለስ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ስሂንን ሲያይ ደሙ ከፊቱ ጠፋ።

«የማውቃቸው ሰው ናቸው። ከፈለጉ ሌላ አስተርጓሚ በስልክ ይቀርባል» አለች ስሂን፣ አንዴ ለሴቷ ሐኪም በእንግሊዝኛ፣ አንዴ ለእሱ በአማርኛ። እንዲህ ማለትም ሕጉ ነው።

«ሌላውስ የእኛው ሰው አይደል?» አለ ዘገዬ ላቡን እየጠረገ። «ምናልባትም ጎረቤቴ ይሆናል። አንቺ ትሻይኛለሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ብሽሽቱ ላይ ትንሽ ቀይ ነገር ወጥቶ ያሳክከው ጀመር። ጭርት መስሎት ከፋርማሲ ክሬም ገዝቶ ቀባ፤ አልጠፋ ሲል ሌላ ክሬም ቀባ። ቦታው ለሰው የሚያሳዩት ቦታ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ መቀመጥ ያመጣው ሙቀት ነው እያለ ራሱን ሲያታልል ከርሞ፣ ቀዩ እየሰፋ ሲሄድ ጊዜ ነው ሐኪም ዘንድ የመጣው። ሐኪሟ ከቆዳው ቆንጥራ አስመርምራ ኖሮ፣ ያን ቀን የጠራችው ውጤቱን ልትነግረው ነው።

ብርቅ የሆነ የቆዳ ካንሰር ነበር። ስሙ ፓጄት ይባላል፤ ድሮ በሞተ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ስም ነው የሚጠራው። ሐኪሟ ራሷ በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ ስታየው የመጀመሪያዋ እንደሆነ ተናገረች። ላይ ላዩን ሽፍታ ይመስላል፣ ሰዉም እንደ ዘገዬ ክሬም ሲቀባ ዓመት ይፈጃል።

ዘገዬ ካንሰር የሚለውን ቃል ዘሎ ሌላ ነገር ጠየቀ። «ከሴት የሚመጣ ነው?»

ስሂን አስተረጎመች። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ከሴት አይመጣም፣ ወደ ሴትም አይሄድም። ሌላው ምርመራ ሁሉ ንጹሕ ነው። ገና ትንሽ ስለሆነም በቀዶ ጥገና ተቆርጦ ይወጣል፣ ቀጠሮው በቶሎ ይያዝለታል።

«ተመስገን» አለ ዘገዬ። ከዚያ ወደ ስሂን ዞረ። «ይህን ነገር ለጸዳለ እኔው እነግራታለሁ። ተቆርጦ ከወጣ በኋላ፣ ረጋ ብዬ። ታውቂያት የለም? አሁን ከሰማች ቀብራኝ ነው የምታድረው። አደራሽን ስሂን። በሰማይ በምድር!»

ስሂን ይህንንም ለሐኪሟ አስተረጎመችው፤ በክፍሉ የተባለ ሁሉ ይተረጎማል። ከዚያ ነው ለእሱ «ኧረ ጋሽ ዘገዬ፣ እኔን አያውቁኝም?» ያለችው።

እንግዲህ በሕግ በተዘጋ አፍ ላይ አደራ ሲጨመርበት አስቡት። ስሂን ከዚያ ክፍል ስትወጣ አፏ በሁለት ቁልፍ ተቆልፎ ነበር።

ወር ሳይሞላ የማኅበሩ ተራ የስሂን ሆነ። ማርያም በሃያ አንድ ብትውልም እዚህ አገር በዓሉ ሁሉ ለቅዳሜ ይገፋል። ሴቶቹ የሥራ ሺፍታቸውን ተለዋውጠው መጥተው፣ ጆርጂያ አቬኑ አጠገብ ባለችው ጠባብ አፓርታማዋ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ሊዞር ሲል ጸዳለ ብድግ አለችና ስሂንን ተከትላ ኪችን ገባች። በሩን ልትዘጋ ዞረች። ኪችኑ በር የለውም።

«ስሂንዬ፣ ባሌ አሞታል» አለች።

ስሂን ብርጭቆ ማጠቡን ቀጠለች።

«እኔ ደደብ አይደለሁም። ሃያ ምናምን ዓመት ካልሲው የት እንዳለ የማያውቅ ሰውዬ ዛሬ ፓንቱን ራሱ ይዞ ላውንድሪ ይወርዳል! ወገቤን አሞኝ ነው ይልና ሳሎን ይተኛል። የታክሲው ትራንክ ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር ክሬምና ፋሻ አገኘሁ። ወገቡን የሚያመው ሰው ክሬም ከጎማ ሥር ይደብቃል? ክሬሙ ላይ የክሊኒኩ ስም አለ። እዚያ ክሊኒክ ለአበሻ የምታስተረጉሚው ደግሞ አንቺ ነሽ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከሌላ ሴት ያመጣው በሽታ ነው፣ አይደል? እሱን አልጠይቀውም። እኔ ነኝ እሱን የምለምን? አንቺ አዎ ወይ አይደለም በይኝ፣ በቃ።»

ስሂን «አይደለም» ብትል ምን ነበረበት? ግን «አይደለም» ማለት «አዎ፣ እኛ ዘንድ ይታከማል» ማለት ነው። ያ ሕግ ማፍረስ ነው፣ አደራ መብላት ነው። ደግሞስ ዘገዬ ራሱ እነግራታለሁ ብሎ የለ? ይነግራታል። ይህን ሁሉ እጇ ከነአረፋው ቆማ አሰበች። ሌላም ነገር ነበር፣ አንደብቅ። ሳሎን ያሉት ሴቶች ጸጥ ብለው ጆሯቸውን ቀስረዋል። መቃብር ናት የተባለላት ስሂን ዛሬ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ጽዋዋ ቀን አፏን ልትከፍት?

ዐይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። እጇን ጠረገችና የጸዳለን ትከሻ ደገፍ አድርጋ «እመቤቴ ትርዳሽ» አለች።

ወይ ስሂን! ፈረንጅ ቢሆን «ልትነግረኝ አልፈለገችም» ብሎ ይሄድ ነበር። ለእኛ ሰው ግን ዐይንን ወለል ላይ ተክሎ፣ ትከሻ ደግፎ «እመቤቴ ትርዳሽ» ምን ማለት ነው? መርዶ ነጋሪ እንኳ ከዚህ በላይ አይናገርም። ጸዳለ የምትፈልገውን መልስ አገኘች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጽዋውን ሳትቀምስ ወጣች።

በሳምንቱ ዘገዬ ከቤቱ መውጣቱ ተሰማ። ግሪንቤልት ውስጥ ከሰው ቤት ሥር ቤዝመንት ተከራይቶ ገባ አሉ። የማኅበሩ ሴቶች «በሽታ ይዞባት መጥቶ ነው» አሉ፤ የትኛውን በሽታ እንደሆነ ማንም አልተናገረም፣ ማንም ደግሞ መጠየቅ አላስፈለገውም። ስሂንም ይህን ሰማች። በሽታውን እንግዲህ ነግሯት ይሆናል፣ ጠባቸው ሌላ ይሆናል፣ በባልና ሚስት መሀል ደግሞ አይገባም አለች ለራሷ። ይህ ማጽናኛ ለጥቂት ወራት ሠራ። ከዚያ ወዲህ ግን ልትናገር ባሰበች ቁጥር ነገሩ ይበልጥ የሚከብድ እየሆነ ሄደ፤ ዛሬ ብትናገር «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ትባላለቻ።

የጸዳለና የዘገዬ ልጅ ሂዊ ያገባችው ዘገዬ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሂዊ እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ አንድ ነገር ከቆረጠች የማትመለስ ልጅ ናት። አባቷን አልጠራችውም። ከአዳራሹ በር እስከ መድረኩ ክንዷን ይዟት የሄደው አጎቷ ነው። እልልታው ሲቀልጥ ስሂንም እልል አለች። ያን ቀን ዘገዬ የት እንደዋለ ማሰብ አልፈለገችም። አስባ ግን ነበር፣ እስኪበቃት።

ደግሞ ሁለት ዓመት አለፈ። ስሂን አሁን ለአንድ ኤጀንሲ ነው የምትሠራው፤ በየሆስፒታሉ ይልኳታል። አንድ ማለዳ ኮል አደረጉላትና ባልቲሞር አዲስ ወደ ተከፈተው የፕሮቶን ጨረር ሕክምና ማዕከል ሂጂ አሏት። በሽተኛው እስከ ዛሬ በስልክ ነበር የሚተረጎምለት፣ ዛሬ ግን የመጀመሪያው ጨረር ስለሆነ ሰው በአካል ያስፈልጋል ተባለች። የበሽተኛውን ስም አልነገሯትም።

በሩን ከፍታ ገባች፤ ዘገዬ ነው።

ጢሙ ሸብቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ የሆስፒታሉን ልብስ ጉልበቱ ላይ ሰብስቦ ይዟል። ስሂንን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ይህቺን ሴትዮ አልፈልጋትም» አለ።

ሐኪሙ ወደ ስሂን ዞረ። እሷም ሥራዋ ነውና በእንግሊዝኛ «ይህቺን ሴትዮ አልፈልጋትም» አለች፣ ቃሉን ሳታለሰልስ። ሐኪሙ ግራ ገባው። በስልክ እንዳይሆን፣ የጨረሩ ክፍል ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት ስለሆነ ስልክ አይሠራበትም፤ ሌላ ሰው እስኪመጣ ደግሞ የዛሬው ተራ ያልፋል። ይህንንም ስሂን ተረጎመችለት።

«በቃ ትሁን» አለ ዘገዬ። «ከእንግዲህ ምን የምታወራው ነገር ተረፈኝ።»

ስሂን ይህንንም ወደ እንግሊዝኛ አዞረች። «የምታወራው» ሲል ግን ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም ነበር። እሷ? አወራች? ለማን?

ሐኪሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳ። ቀዶ ጥገናው በጊዜው ሳይደረግ በመቅረቱ በሽታው ከብሽሽት ተነሥቶ ወደ ኋላ ድረስ ሰፍቷል። አሁን በቢላ ይውጣ ቢባል ብዙ ነገር አብሮ ይቆረጣል፣ ሰገራውም ዕድሜ ልኩን በሆዱ በኩል በከረጢት ይሆናል። ስለዚህ በጨረር ሊሞክሩት ነው። የተለመደው ጨረር ሰውነትን በስቶ በወዲያ በኩል ይወጣል፣ በመንገዱ ያገኘውን አንጀትና ፊኛ ሁሉ ይነካል። ፕሮቶን ግን በታዘዘበት ጥልቀት ደርሶ እዚያው ይቆማል፣ አያልፍም።

ዘገዬ ጢሙን ያዝ አደረገ። «ያኛው አውቶቡስ ነው በይኛ፣ ሰፈር አቋርጦ ያልፋል። ይሄ ታክሲ ነው። በር ላይ አድርሶ ያወርዳል።»

ስሂን ስትተረጉመው ሐኪሙ ሳቀ። ዘገዬም ትንሽ ፈገግ ሊል ሲል ስሂንን አየና ተወው።

የጨረሩ ክፍል ውስጥ ከቤት የሚተልቅ ክብ ብረት አለ። ሰውየውን አልጋው ላይ በልኩ በተሠራለት ትራስ ውስጥ አስተኙት፣ እግሩን ለያይተው አሰሩት፣ በቆዳው ላይ በተሳሉት መስመሮች አስተካከሉት። ሴት የማታየው ገላ ተገልጧልና ስሂን ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ፣ «እግርዎን እንደዚያው ያቆዩት፣ ትንፋሽዎን እንደ ወትሮው» እያለች ለግድግዳው ትናገራለች። ከዚያ ሁሉም ወጥቶ ወፍራሙ በር ተዘጋ። ከውጭ በማይክ «አሁን ተጀመረ ጋሽ ዘገዬ፣ አይነቃነቁ» አለች። ብረቱ ቀስ ብሎ ዞረ። ውጭ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የሚታየው ሰውዬ ብቻውን ተጋድሞ ጣሪያውን ያያል። አላመመውም፣ ምንም አልተሰማውም፣ አለቀ ተባለ።

ልብሱን ለብሶ ሲወጣ ነርሷ የሚቀጥለውን ነገረችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቆዳው ይላጣል፣ ውኃ ያዥበታል፣ መቀመጥ ይቸግረዋል። በየቀኑ የሚያጥብለትና የሚያሽግለት ሰው ያስፈልጋል፣ ቦታው ለብቻ አይመችም። «ቤት ማን አለዎት?»

«ማንም የለኝም» አለ ዘገዬ። «ሚስቴ ካንሰር ይዞታል ሲሏት ተጸይፋ አባረረችኝ።»

ስሂን አፏን ከፈተች። «ማንም የለኝም» አለች በእንግሊዝኛ። «ሚስቴ ካንሰር…» እዚያ ላይ አቋረጠችው። በስንት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ሆና አታውቅም። ነርሷ ውኃ ላምጣልሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ስሂን በእጇ አይ አለችና እንደ ምንም ጨረሰችው። ነርሷ የቤት ለቤት እርዳታ ልጠይቅ ብላ ስትወጣ ስሂንም ልትወጣ ተነሣች። ከበሽተኛ ጋር ብቻ መቅረት ክልክል ነው።

«ቁጭ በይ» አለ ዘገዬ።

ቁጭ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አምስት ዓመት ሲያብሰለስለኝ ነው። ለጸዳለ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«ምንም አልነገርኋትም ጋሽ ዘገዬ።»

«አትዋሺኝ እንጂ! ልብሴን በሩ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ‹ሁሉንም አውቄያለሁ፣ ስሂን ነግራኛለች፣ አስጠላኸኝ› ነው ያለችኝ። በሽታዬን ሰምታ የተጸየፈችኝ ሚስት ምን ብዬ ልለምናት? እኔስ ወንድ አይደለሁም? ወጣሁላት። አንቺ ደግሞ ለእሷ ከነገርሽ ለሌላው ሁሉ ማውራትሽ ነው ብዬ ሐኪም ቤት የሚባል ነገር እርም አልኩ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው የሚገኝበት ክሊኒክ በር አልደርስም አልኩ። ደም እስኪወጣኝ ድረስ።»

«ጋሽ ዘገዬ፣ ማርያምን! አልነገርኋትም። ካንሰር እንደሆነ ጸዳለ ዛሬም አታውቅም።»

«ታዲያ ምን ነበር ያወቀችው?»

«ከሌላ ሴት ያመጡት በሽታ መስሏት ነው። እኔ ቤት ኪችን ገብታ አዎ ወይ አይደለም በይኝ አለችኝ። እኔ አደራዎን ብዬ… ዝም አልኩ። እመቤቴ ትርዳሽ ብቻ ነው ያልኳት።»

ዘገዬ መጀመሪያ ሳቀ። «እኔ? ቀን ከሌት ኤርፖርት ተሰልፌ የምውል ሰውዬ? በየትኛው ሰዓቴ?» አለ። ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ስሂን እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። የምትገባበት ጠፋት።

«እኔኮ አደራዬን በላች ብዬ ስረግምሽ ነው የኖርኩት» አለ ቀና ብሎ። «ለካ አልበላሽም! ምነው በበላሽው ስሂን! አደራዬን በልተሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤቴ ነበርኩ። ልጄን እኔ ነበርኩ የምድራት።»

ስሂን «ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ ያም ቃል አፏ ውስጥ ቀለለባት። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ዘገዬ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «በይ እንግዲህ አደራውን አንሥቼልሻለሁ። ሂጂና ለጸዳለ ንገሪያት፣ ሁሉንም፣ የበሽታውን ስም ሳይቀር። መልሳ ታግባኝ አላልኩም። እሷ ትታኛለች፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ሂዊ ግን አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነው ብላ እንዳትኖር። ይኸው ነው።»

«ሐኪሙ ያድንዎታል» አለች ስሂን፣ ማለት ስላለባት።

«ሐኪሙ እሞክራለሁ ነው ያለው። አንቺው ነሽ የተረጎምሽው» አለ ዘገዬ።

ስሂን በቅዳሜው ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደች። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ተቀምጣ የምትለውን ስታዘጋጅ ቆየችና ሁሉንም ጣለችው፤ የሰው ቃል ስታቀብል የኖረች ሴት የራሷን ነገር መናገር ሲመጣባት ከየት ትጀምር? ጸዳለ የምትኖረው ሴሚናሪ ሮድ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው። በሩን ስትከፍት ደስ አላት። «ምነው ሳትደውዪ? ማን ሞተ?» አለች እየሳቀች። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሂዊ የአጎቷን ክንድ ይዛ የተነሣችው የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል።

ስሂን ኮቷን ሳታወልቅ ተናገረች። የበሽታውን ስም፣ ከሴት እንደማይመጣ፣ ወደ ሴት እንደማይሄድ፣ በጊዜው ቢቆረጥ ኖሮ ሳይሰፋ እንደሚወጣ፣ አሁን በፕሮቶን እየሞከሩት እንደሆነ፣ ዘገዬ ደግሞ እስከ ዛሬ በካንሰሩ ተጸይፋኝ ነው ያባረረችኝ ብሎ እንደኖረ። ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። የራሷንም አልተወችም። ጸዳለ መጀመሪያ ቆማ ሰማች፣ ቀጥሎ ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ መሬት ላይ ነጠላዋን ጭብጥ አድርጋ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ታውቂ ነበር?» አለች። «እኔ እንደዚያ ሆኜ ስጠይቅሽ፣ ንጹሕ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በሂዊ ሠርግ ቀንስ?»

«አውቅ ነበር ጸዱ።»

«እልል ብለሻል እኮ። አይቼሻለሁ።»

ጸዳለ ደረቷን አንዴ መታች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። «ልብሱን በፌስታል ነው ያወጣሁት» አለች ለራሷ። «በቆሻሻ ፌስታል። የታመመ ሰው!» ከዚያ ተነሥታ ስልኳን ፈለገች፣ ሶፋው ትራስ ሥር አገኘችው። «ቁጥሩ የድሮው ነው?»

«የድሮው ነው።»

ደወለች። ድምጹን ከፍታ ስልኩን መዳፏ ላይ አደረገችው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ ዘገዬ።

ጸዳለ ስልኩን ወደ ስሂን ገፋችው፤ «አንቺ ንገሪልኝ» አለች በሹክሹክታ። «ሥራሽ አይደል? አጠፋሁ ትላለች በይልኝ። እኔ አልችልም፣ ምን አፍ አለኝ?»

ስሂን እጆቿን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። «አይሆንም ጸዱ» አለች። «ራስሽ አናግሪው። የምትጠይቂውንም ራስሽ ጠይቂው።»

ጸዳለ ቀና ብላ አየቻት።

«አየሽ፣ ይህቺን ቃል ታውቂያት ነበር» አለች። «ያን ቀን ብትዪኝ ይበቃኝ ነበር። ‹ራስሽ ጠይቂው› ለማለት የማን ፈቃድ ያስፈልግሽ ነበር ስሂን?»

ከመዳፏ ላይ ዘገዬ «ሃሎ? አይሰማም፣ ማን ልበል?» ይላል ገና።